ከአሲዱ በፊት፦ የልጆችን ዕጢ ማጥናት ለምታስቡ ወጣቶች

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሬዚደንት ጥያቄ ይዛ መጣች። ሐኪም ናት፤ ፓቶሎጂ፣ ማለትም በሽታን ከሰውነት ናሙና መለየት፣ እየተማረች ነው። ወደፊት የልጆችን ዕጢና ሳርኮማ (የአጥንት፣ የጡንቻና የመሰል አካላት ካንሰር) ማጥናት ትፈልጋለች። «ጂን የሚያነብ ማሽን ባለበት ዘመን ዓመታት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ማቀርቀር ያስፈልገኛል? ወይስ ቀጥታ ሞለኪውል ላብራቶሪ ልግባ?» አለችኝ። ለጊዜው አጭር መልስ ሰጠኋት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቅ አለኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምታስቡትም ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) አንድ ታዳጊ ልጅ የጭን አጥንቱ ላይ ዕጢ ወጥቶበት ባዮፕሲው፣ ከዕጢው የተቆረጠው ናሙና፣ እኛ ጋ መጣ። ናሙናው ትንሽ ነው። ከፊሉ ለስላሳ፣ ከፊሉ ድርቅ ያለ አጥንት። አጥንት እንዳለ በምላጭ አይቆረጥም። ስለዚህ ካልሲየሙ ተሟጥጦ እንዲወጣ አሲድ ውስጥ ይነከራል። መርፌ ሲወጉት ሳያንገራግር ካስገባ፣ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ፓራፊን በሚባል ሰም ውስጥ ይቀመጣል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነከራል። ያኔ አሠራሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ የሚያስብም አልነበረም። የልጁም ናሙና ለስላሳው ከደረቁ ሳይለይ አሲድ ውስጥ ገባ።

ስላይዱ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ትንንሽ፣ ክብ፣ ሰማያዊ ሴሎች። ሴሉን ኒውክሊየሱ ሞልቶታል፣ ዙሪያው ላይ የቀረው ስስ ጠርዝ ብቻ ነው። እንዲህ የሚመስሉ የልጆች ዕጢዎች ብዙ ናቸው፦ ኢዊንግ ሳርኮማ፣ ራብዶማዮሳርኮማ፣ ኒውሮብላስቶማ፣ ሊምፎማ። በተለመደው ቀለም ብቻ መለየት ከባድ ነው። ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። የልጁ ዕድሜና የዕጢው ቦታ ወደ ኢዊንግ ይመራል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የኢዊንግ ሴሎች ክብና አንድ ዓይነት ናቸው፤ እዚህ ግን ቦታ ቦታ ላይ እየሞለሉ ይሾላሉ። ሲዲ99 የተባለው ፕሮቲን በልዩ ቀለም ሲታይ ኢዊንግ ላይ የሴሉን ዙሪያ አድምቆ ያሳያል፤ እዚህ ደብዛዛ ነው፣ ያውም እዚህም እዚያም። አለቃዬን ጠርቼ አብረን አየነው። ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ «ኢዊንግ የሚመስል፣ ዓይነቱ ያልተለየ ክብ ሴል ሳርኮማ» ብለን ጻፍን። የጂን ምርመራ እኛ ጋ ገና አልነበረም። ልጁ የኢዊንግ ሕክምና ተጀመረለት። በነበረው ዕውቀት ከዚያ የተሻለ ምርጫ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ የልጁ አባት ስላይዶቹን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊወስዱ ላብራቶሪያችን መጡ። ፓቶሎጂስት ከታካሚ ቤተሰብ ጋር እምብዛም አይገናኝም። ስላይዶቹን አሽጌ ሰጠኋቸው፣ ፈረሙ። ግን አልሄዱም። ፖስታውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ዶክተር፣ ታናሽ ወንድም አለው። እሱንም ይይዘው ይሆን?»

«አይመስለኝም» አልኳቸው። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

ጥያቄያቸው ተራ የወላጅ ስጋት እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የልጆች ካንሰር በዘር አይመጣም። የሚመጣ ግን አለ። ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ዕጢ በቤተሰብ ሊወረስ ይችላል፤ አልፍሬድ ኑድሰን በ1971 ዕጢው እንዲነሳ ሁለት የጂን ጉዳት ያስፈልጋል ያለው እሱን አጥንቶ ነው። ሳርኮማም ውስጥ አለ። ፍሬድሪክ ሊ እና ጆሴፍ ፍራውሜኒ ራብዶማዮሳርኮማ የያዛቸውን ልጆች መዝገብ ሲያገላብጡ፣ እናቶችና ሌሎች ዘመዶች በለጋ ዕድሜያቸው ካንሰር የያዛቸው ጥቂት ቤተሰቦች አገኙ። ይህን የጻፉት በ1969 ነው። ከጀርባው ቲፒ53 የሚባለው ጂን እንዳለ የታወቀው በ1990 ነው። ስለዚህ «ወንድሙስ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ ያለው ዕጢው ምን እንደሆነ በማወቅ ውስጥ ነው።

ኬሞቴራፒው መጀመሪያ ላይ ሠራለት። በኋላ ሳንባው ላይ ተመለሰ። ልጁ አረፈ።

ዓመታት አለፉ። በ2012 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ኢዊንግ ከሚመስሉት፣ ግን የኢዊንግ የጂን ምልክት ከሌላቸው የአጥንት ሳርኮማዎች መሃል አዲስ ዓይነት ለዩ። ቢኮር እና ሲሲኤንቢ3 የተባሉ፣ ሁለቱም ኤክስ ክሮሞዞም ላይ የሚገኙ ጂኖች ተጣብቀው የሚፈጥሩት ነው። በብዛት የሚታየው በታዳጊ ወንዶች ላይ ነው። ሴሎቹ ክብ ሆነው ቦታ ቦታ ላይ ይሾላሉ። ሳነበው እጄን ላብ አሰመጠው። የዚያን ልጅ ስላይድ ያየሁ መሰለኝ።

የልጁ ናሙና ያለበት የፓራፊን ብሎክ መዝገብ ቤት ውስጥ በቦታው ነበር። አስወጥቼ ምርመራው ወደሚሠራበት ላብራቶሪ ላክሁት። መልሱ አጭር ነው፦ «አርኤንኤው ለምርመራ አይበቃም።» አሲዱ ካልሲየሙን ብቻ አላወጣም፤ ዲኤንኤውንና አርኤንኤውንም እንደ ተቀደደ ወረቀት በታትኖታል። የፕሮቲን ቀለሙንም ሞከርን። የሚታመን ነገር አልሰጠንም። ለስላሳው ክፍል ብቻውን፣ አሲድ ሳይነካው ፓራፊን ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ መልሱን የማግኘት ዕድል ነበረን።

ማንም ያጠፋው ነገር የለም። ስሙን ብናውቀውም ሕክምናው ብዙ አይለወጥም ነበር፤ ዛሬም ይህን ዕጢ የሚያክሙት በአብዛኛው እንደ ኢዊንግ ነው። የሚቆጨኝ የአባትየው ጥያቄ ነው። ያ የጂን መጣበቅ ዕጢው ውስጥ የሚፈጠር እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም። ምርመራው ቢሳካ ኖሮ ደውዬ «ለታናሹ አይስጉ» እላቸው ነበር። ያን ስልክ መደወል አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሞለኪውል ላብራቶሪ የሚያነበው እኛ ያቆየንለትን ነው። ናሙናው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲያርፍ ምርምሩ ተጀምሯል። ለስላሳውን ከደረቁ ለዩት። ማቀዝቀዣ ካላችሁ አንድ ቁራጭ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ) ሳይነካው በቅዝቃዜ አስቀምጡ። ከሌላችሁ የተቆረጠውን ፊት ንጹህ ስላይድ ላይ ነካ ነካ አድርጉት፤ የሚጣበቁት ሴሎች በኋላ ለክሮሞዞም ምርመራ ይሆናሉ። ወጪው አንድ ብርጭቆ ስላይድ ነው። አጥንቱን ደግሞ የግድ ማለስለስ ካለባችሁ በአሲዱ ፈንታ ካልሲየምን ቀስ አድርጎ የሚያወጣውን ኤዲቲኤ ተጠቀሙ። ጊዜ ይፈጃል፣ ጂኑን ግን አይበላም። ቀዶ ሐኪሙ «ውጤቱ ምን ደረሰ?» እያለ ይደውላል። ይደውል። ምክንያቱን በትህትና አስረዱት።

ማይክሮስኮፑንም አትናቁት። በ1978 የዊልምስ ዕጢን (የልጆች የኩላሊት ካንሰር) በጋራ የሚያጠኑ ፓቶሎጂስቶች፣ ብሩስ ቤክዊዝና ባልደረባው ፓልመር፣ ከየሆስፒታሉ የተሰበሰቡ ስላይዶችን አንድ በአንድ ሲያዩ መልካቸው ለየት ያሉ፣ ሕክምና የማይበግራቸው ጥቂት ዕጢዎች አገኙ። ዛሬ ራብዶይድ የምንለው ዕጢ ነው። ከዊልምስ ጋር የማይዛመድ ሌላ በሽታ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ የጠፋው ጂን የተገኘው በ1998 ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚወጣው ፋይብሮሳርኮማ ኤንቲአርኬ3 የተባለ ጂን ከሌላ ጋር ተጣብቆ እንደሚነሳ ታወቀ። አንድ የሕፃናት የኩላሊት ዕጢም ያንኑ ለውጥ ተሸክሞ ተገኘ። የሁለቱን ዕጢዎች መመሳሰል ፓቶሎጂስቶች በዓይናቸው ካዩት ቆይተው ነበር። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ይህን የጂን ለውጥ የሚያነጣጥር ላሮትሬክቲኒብ የተባለ መድኃኒት ጸደቀ። ድሮ እጅ ወይም እግር መቁረጥ ብቻ ይቀርለት የነበረ ሕፃን ዛሬ ዕጢው በመድኃኒት ሊሟሽሽለት ይችላል። ዓይን ጠረጠረ፣ ጂን አረጋገጠ፣ መድኃኒት ተከተለ። ሲድኒ ፋርበርም እኮ የልጆች ፓቶሎጂስት ነበር! የልጆች ሉኪሚያ በመድኃኒት ለጊዜውም ቢሆን ሊያፈገፍግ እንደሚችል በ1948 ያሳየው እሱ ነው። «ፓቶሎጂስት ሙት መርማሪ ነው» የሚሏችሁ ካሉ ይህን ንገሯቸው።

ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ልበል። ዲጂታል ስላይድ ስትከፍቱ ወዲያው ታጎላላችሁ። ሴል ታያላችሁ፣ ዕጢውን አታዩም። በዝቅተኛው ማጉያ ላይ ቁጭ ብላችሁ ዕጢው ከአካባቢው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ ስሙን ሲነግራችሁም ቶሎ ታምናላችሁ። በሌላ በኩል የማታውቁትን ለመጠየቅ አታፍሩም። እኛ እናፍር ነበር። አስቸጋሪ ስላይድ ሲገጥማችሁ በደቂቃ ውስጥ ሌላ አገር ላለ ሰው ታሳያላችሁ። በዚህ እቀናባችኋለሁ። የልጆች ሳርኮማ ብርቅ በሽታ ነው፤ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ምንም አይማርም።

ለማሳተም አትቸኩሉ። የሁለት ታካሚ ግኝት ይዞ የሚሮጥ ሰው ሌላውን ያሳስታል። ይህን እላለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ የዚያ ልጅ ዓይነት ዕጢ ሲገጥማችሁ ቶሎ ጻፉት እላለሁ። እኛ «አንድ ታካሚ ምን ይጠቅማል» ብለን መሳቢያ ውስጥ ያስቀረነውን ሌሎችም እንዲሁ አስቀርተውት ይሆናል። ያ ሁሉ አንድ ላይ ቢመጣ መልሱ ከ2012 በፊት ይገኝ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ሁለቱን ምክሮች ማስታረቅ አልቻልኩም። ምናልባት ልዩነቱ ይህ ነው፦ ያያችሁትን ቶሎ ጻፉ፣ የደመደማችሁትን አቆዩ።

ሪፖርት ላይ «አላወቅነውም» ብሎ መጻፍም ልመዱ። ያን ዕጢ «ኢዊንግ» ብለን ዘግተነው ቢሆን ኖሮ ብሎኩን ማንም አይፈልገውም ነበር።

ሬዚደንቷ «የትኛውን ዕጢ ላጥና?» ብላም ጠይቃኝ ነበር። ኦስቲዮሳርኮማን። ዋናው የታዳጊዎች የአጥንት ካንሰር ነው። እንደ ኢዊንግ አንድ የሚያዝ የጂን ምልክት የለውም፣ ክሮሞዞሞቹ ተሰባብረው የተደበላለቁ ናቸው። የሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች፣ ሜቶትሬክሴት፣ ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን፣ የቆዩ ናቸው። የመዳን ዕድሉም ከ1980ዎቹ ወዲህ እምብዛም አልተሻሻለም። አሁን ብጀምር እኔም የምመርጠው እሱን ነው።