ድካም ነው ድባቴ?

ጥያቄ፦ እህቴ መልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤምኤስ) እንዳለባት ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆነ። እግሯ አሁን ደህና ነው። ግን ቡና ሲፈላ እንኳ ከክፍሏ አትወጣም፤ ሌሊት ነቅታ ታድራለች። ጎረቤት «አዝና ነው፣ ጊዜ ይሽረዋል» ይላል። እውነት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሐዘን ቢኖርበትም ሐዘን ብቻ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በኤምኤስ የሰውነት መከላከያ ማይሊን የተባለውን የነርቭ ሽፋን ያጠቃል። ጥቃቱ የሚተወው ጠባሳ እግርን በሚያዝዘው መስመር ላይ ሲያርፍ እግር ይዝላል፤ ስሜትን በሚገሩት፣ ከግንባር ጀርባና ከጆሮ በላይ ባሉት የአንጎል ክፍሎች ሲያርፍ ደግሞ ድባቴ ሊያመጣ ይችላል። ከጥቃቱ ጋር የሚመጣው ብግነት ራሱም ስሜትን ይጫናል። እግሯ ደህና ሆኖ ልቧ የወደቀው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ተነሥታ ድባቴ አይታይም፤ የሚታወቀው በመጠየቅ ነው።

የኤምኤስ ድካም በቀትርና በምድጃ ሙቀት ይብሳል፣ አረፍ ሲሉ ቀለል ይላል። የደከመ ሰው ተኝቶም ቢሆን የሚወደው ሰው ሲመጣ ፊቱ ይፈታል። አቦሉን ወደ ክፍሏ ይውሰዱላትና አብረዋት ይቀመጡ። ጨዋታውም ሽታውም ምንም ካልመሰላት፣ ይህም ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ሕክምና ያሻታል።

ባለሙያው 9 ጥያቄ ይጠይቃታል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፤ ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው ይቀጥላል። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከኤምኤሱም ስለሚመጡ ነጥቡን ሊያንሩት ይችላሉ፤ ስለ ደስታ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ የሚጠይቁት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ብዙ ይናገራሉ።

በቅርቡ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) በግሉኮስ ወስዳ ከሆነ ይንገሩ፤ እንቅልፍና ስሜት ያዛባል። ሽንት እምቢ የሚላት ወይም ሆዷ የሚደርቅ ከሆነም አይደብቁ፤ አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ሁለቱንም ያብሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ ፍሎክሰቲን የተባለው ሌላው የድባቴ መድኃኒት ይሻላል፤ የተለመደው መነሻ በቀን 20 ሚሊግራም ነው። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ «አልሠራልኝም» ብላ በ10ኛው ቀን እንዳትጥለው። ከተሻላትም በኋላ ቢያንስ 6 ወር ትቀጥል። ጠበል ከሄደች ኪኒኑን ይዛ ትሂድ። ከምግብ ጋር ባይወሰድም ችግር የለውም፤ የምትጾም ከሆነ ከሐኪሟ ተማክራ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ትችላለች።

9ኛው ጥያቄ ስለ መሞት ሐሳብ ነው። ኤምኤስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ አደጋ ከሌላው ከፍ ይላል። እርስዎም «መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» ብለው ይጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራባትም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አይተዋት፣ ኪኒኑን እርስዎ ይያዙላትና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይዘዋት ይሂዱ።