ቦዲውን አሁን አትግዛው፤ መጀመሪያ ያለ ቀለም የምትሄድ መኪና ይኑርህ

ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን የኮብራ ስፖርት መኪና አምሳያ በቤትህ ጋራዥ ውስጥ ልትሠራ እንደተነሣህ፣ በብየዳ መጠነኛ ልምድ እንዳለህ፣ የፋይበርግላስ (በሙጫ የደረቀ የመስታወት ክር ሽመና) ቦዲ በጥሩ ዋጋ ስላገኘህም በዚህ ሳምንት ልትገዛው እንዳሰብህ ጽፈሃል። ከምን ልጀምር ነው ጥያቄህ። እኔ አንዷን በአራት ዓመት ከሰባት ወር ጨርሼ እየነዳኋት ነው፤ ሁለተኛዋ አሁን ጎማዋ ላይ ቆማለች። ስለዚህ ሳልዞር እነግርሃለሁ፤ ቦዲውን አሁን አትግዛው።

ቦዲ ቀድሞ ሲገባ ጋራዡን ይሞላዋል። ከዚያ የምትበይድበት ቦታ ታጣለህ፤ በየቀኑ ግን የተጠናቀቀች የምትመስል መኪና ፊትህ ተጋድማ ታያለህ። ይህ ሥራውን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ነው። የባሰው ደግሞ ልኩ ነው። በዋናዋ ኮብራ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 2286 ሚሊሜትር ነበር፤ አምሳያዎቹን የሚያወጡት ሻጋታዎች ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። የአንዱ ሠሪ ቦዲ የሌላው ሻንሲ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ ሲቀመጥ ጎማው ከፓራፋንጎው ቅስት መሐል ወጥቶ ወደ አንድ ጎን ይቀራል። ያንን በኋላ ማስተካከል ፋይበርግላሱን ቆርጦ እንደገና መሥራት ነው።

ስለ ምርጫህም አንድ ነገር ልበል። ኮብራ እ.ኤ.አ. በ1962 የተወለደችው ካሮል ሼልቢ የተባለው አሜሪካዊ የፎርድን ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ኤሲ ኤስ በምትባለው ቀላል የእንግሊዝ መኪና ላይ ሲያስቀምጥ ነው። ውበቷ ያለው እብጠቷ ላይ ነው፤ አንድም ዝርግ ቦታ የላትም። ዋናዎቹ በእጅ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ነበሩ፤ እኛ ያለ ሻጋታ ልንሠራው የምንችለው አይደለም። በሯ፣ ኮፈኗና የኋላ ክዳኗ እያንዳንዳቸው ከዙሪያቸው ጋር እኩል ክፍተት እስኪይዙ ድረስ ለወራት ይፋቃሉ። እኔ የመረጥሁት የሎተስ ሰቨንን አምሳያ ነው። የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣት ይህች መኪና በብሪታኒያ ያልተገጣጠመች ሆና ስትሸጥ የግዢ ግብሩ ስለሚቀር፣ ብዙዎች እቤታቸው ወስደው ይገጥሟት ነበር። ጎኗ ዝርግ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው፤ በእንጨት ጠርዝ ላይ ታጥፈዋለህ። ክብ ሆኖ የሚገዛው አፍንጫዋና ፓራፋንጎዎቿ ብቻ ናቸው። ልብህ ኮብራ ላይ ከሆነ ግን አላስቀይርህም። በብርድ ሌሊት ከአልጋ አስነሥቶ ወደ ጋራዥ የሚወስድህ ያ ቅርጽ ነው፤ ያለ እሱ ማንም አይጨርስም። ሻንሲውን ግን ተበይዶ ያለቀ ግዛ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልግባ። የመጀመሪያዬን ሻንሲ በይጄ እንደ ጨረስሁ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። ፈገፈግሁት፣ አጸዳሁት፣ ግራጫ ቀለም አስቀባሁት፤ አምሮ ነበር። ከዚያ ሞተሩን አወረድሁ። የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ቦታና የጭስ ማውጫው የሚወጣበት ቦታ አንድ ሆነው ተገኙ። ሁለት ቱቦላሬ ቆርጬ አዛወርሁ፤ ቀለሙ ተቃጠለ፤ ሦስት ወር ሄደ። ቀጥሎ ደግሞ ለወንበሩ ማሰሪያ፣ ለነዳጁ መስመር፣ ለእጅ ፍሬኑ ገመድ ቀዳዳ ስበሳ የተረፈውን ቀለም ፈጀሁት።

ስለዚህ ሁሉንም ነገር ያለ ቀለም ግጠም። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፔዳል፣ መሪ፣ ራዲያተር፣ የነዳጅ ታንክ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ማርሚታ፣ ወንበር፣ በመጨረሻም ቦዲው ይግጠም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥና ፍሪሲዮን እርገጥ፣ መሪውን እስከ ዳር አዙር፣ ጉልበትህ የሚነካውን እይ። ሞተሩን አስነሣው፤ ግቢ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሳት። ከዚያ እስከ መጨረሻዋ ዳዶ ፍታትና ያን ጊዜ ቀባ። ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ይመስላል፤ ነገር ግን እኔ ሁለተኛውን ገጠማ በአምስት ሳምንት ጨርሻለሁ፤ እያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳውን ያውቅ ነበርና።

ሻንሲውን ራስህ እበይዳለሁ ካልህ፣ የሰቨን ዓይነቶቹ ባብዛኛው የሚሠሩት በ25 ሚሊሜትር ካሬ ቱቦላሬ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 1.6 ሚሊሜትር ነው። ከሁሉ በፊት ፍጹም ዝርግ ጠረጴዛ ሥራ። ሁሉንም ቱቦላሬ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዘው፣ ከማዕዘን ማዕዘን ያለውን ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ለካ፣ እኩል ከሆነ ብቻ መሙላት ጀምር። ስትሞላም አንዱን ማዕዘን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ እዚህ ትንሽ፣ በተቃራኒው ጎን ትንሽ እያልህ ዙር፤ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ ይስባልና። የእኔ በአንድ ጎን 6 ሚሊሜትር ተስቦ ነበር። ልምምድ የምትበይዳቸውን ቁርጥራጮች በመዶሻ ስበራቸው። ብየዳው ሳይሆን ቱቦላሬው ራሱ የሚቀደድ ከሆነ እጅህ ደርሷል። የሞላና የደህንነት ቀበቶ ማሰሪያዎችን ግን ሙያው የሆነ ሰው አይቶ ይፍረድልህ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

መለዋወጫ የምትወስድባትን አሮጌ መኪና ሙሉዋንና የምትሄደዋን ግዛ። ሳትፈታትም አንድ ሳምንት ንዳት። ሞተሩ ይግል እንደሆነ፣ ካምቢዮው ሦስተኛ ላይ ይጮህ እንደሆነ ያኔ ታውቃለህ። ስትፈታ ከአንድ ቦታ የወጣውን ብሎን ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርገህ ጻፍበት፤ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሣ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ምልክት እሰር። ተራ ነገር ነው የምትለው የፔዳል መመለሻ ሞላ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠፋ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ይበላሃል።

ፍሬን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአሮጌዋ መኪና ፍሬን ከአንድ ቶን በላይ ለሚመዝን፣ ክብደቱም በሌላ መንገድ ለተከፋፈለ መኪና የተመጠነ ነው። በቀላል መኪና ላይ እንዳለ ስትተክለው የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው ሊቆልፉ ይችላሉ፤ ያኔ መኪናዋ ጀርባዋን ወደ ፊት ታዞራለች። ከመንገድ ውጭ፣ ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ በቀስታ ፍጥነት ጀምረህ ፈትን፤ ከዳር ሆኖ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆልፍ የሚያይልህ ሰውም ይኑር። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚልጥም አትርሳ፤ ቀለም መጨረሻ ይሁን የምልበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ሁለት ሳምንት ያሠቃየኝን ልንገርህ። ግራውን የአቅጣጫ መብራት ሳበራ የኋላው ቀይ መብራት አብሮ ይብለጨለጫል፤ የነዳጁም መለኪያ ይወርዳል። ፊውዝ ቀየርሁ፣ ማብሪያውን ቀየርሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ምክንያቱ የፓራፋንጎው ፋይበርግላስ ነበር። በብረት ቦዲ ላይ መብራቱ በታሰረበት ብሎን በኩል ኔጋቲቩ በቦዲው ተመልሶ ባትሪው ጋ ይደርሳል፤ ፋይበርግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እያንዳንዱ መብራት እስከ ሻንሲው ድረስ የራሱ የኔጋቲቭ ሽቦ ያስፈልገዋል። አንተ ከመጀመሪያው ዘርጋው።

የመጀመሪያውን ብረት ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ በቤት የተሠራ መኪና የሚመዘግበው አካል ምን እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ያዝ። በብሪታኒያ ለምሳሌ እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለብቻው ይፈተሻል፤ የሹል ጠርዞች ልክ ሳይቀር ይታያል። ደረሰኝህንና የሥራውን ፎቶ ሁሉ አስቀምጥ። የሞተሩ ሕጋዊ ምንጭ ሲጠየቅ የሚመልስልህ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ቦዲው የሚገዛው ሻንሲው በራሱ ጎማ ላይ ሲቆም ነው። ከገጠምኸው በኋላም ለቀለም አትቸኩል። አዲስ ፋይበርግላስ መድረቁን ገና አልጨረሰም፤ ቶሎ ከቀባኸው ከወራት በኋላ የውስጡ ሽመና በቀለሙ ላይ ብቅ ይላል። ኮፈኑና በሮቹ በቦታቸው ሆነው ጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ይምታው፤ ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ከዚያ በኋላ ነው። ከሻጩ አሁን የሚያስፈልግህ አንድ መረጃ ብቻ ነው፦ ሻጋታው የተሠራው በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ለስንት ሚሊሜትር ርቀት፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከልም ለስንት ስፋት ነው? ሁለቱን ቁጥሮች ጽፎ ይስጥህና ላክልኝ፤ የትኛው ሻንሲ እንደሚስማማው አብረን እናያለን።