ዲጂታል ገንዘብ ይታተማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለአንድ የሕግ መጽሔት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጉዳዩ መንግሥት ዲጂታል ገንዘብ ላውጣ ቢል ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድለታል ወይ የሚል ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገሬ እንዲህ ይላል፦ «ብሔራዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ ቢያትም ሕጋዊ መገበያያ ይሆናል።» አርታዒው በቀይ አሰመሩበትና «ዲጂታል ገንዘብ እንዴት ይታተማል?» ብለው መለሱልኝ። እኔ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ራሱ «ማተም» ነው የሚለው ብዬ ተሟገትኩ። ማናችን ነን ትክክል? «ዲጂታል ብር»፣ «ምናባዊ ገንዘብ» እና «ክሪፕቶ» የሚባሉትስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አርታዒዎ ልክ ናቸው። የርስዎም ሙግት ግን ባዶ አይደለም። እንዲያውም ጠበቃ ቢያገኝ ጥሩ አድርጎ የሚከራከርበት ነገር ነው።

«ማተም» ሲባል ዛሬ ቶሎ የሚታየን ወረቀት፣ ቀለምና ማሽን ነው። ሥሩ ግን ከማተሚያ ቤት ይቀድማል። በግእዝ «ኀተመ» ማለት አሸገ፣ ማኅተም አደረገ ማለት ነው። «ማኅተም» የወጣው ከዚሁ ነው። ድሮ ደብዳቤ የሚታተመው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነበር። ማኅተም ካረፈበት የባለሥልጣኑ ቃል ነው፤ ካላረፈበት ተራ ወረቀት ነው። ጽሑፍ በብዛት ማባዛት የሚለው ትርጉም በኋላ ከማተሚያው መሣሪያ ጋር የመጣ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ዲጂታል ገንዘብ እውነተኛ መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚረጋገጠው በምስጠራ ስሌት በሚሠራ ዲጂታል ፊርማ ነው። ፊርማው የሚለው «ይህን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ነው። ሥራው የማኅተም ሥራ ነው። «ስለዚህ ዲጂታል ገንዘብም ይታተማል» የሚል ሰው ቢመጣ አልስቅበትም።

ግን አልከተለውም። ሥርወ ቃል ለጨዋታ ደስ ይላል፤ ለምስክርነት ግን አይበቃም። ቃል የሚተረጎመው ጸሐፊውና አንባቢው በተግባቡበት ስሜት ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ «ገንዘብ ማተም» ሲባል ሁሉም የተረዳው የገንዘብ ኖት ማተምን ነው። ስለ ኀተመ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ክርክር ቢነሳ የሚነበበው የአማርኛው ግስ ነው። እንግሊዝኛው ለማነጻጸር ይጠቅማል እንጂ አይፈርድም። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጉዳይ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶት የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እነሱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ጽሑፍ የአማርኛ ነው። እንደኔ ያለው የቋንቋ ሰው ለአንድ ቀን የሚፈለገው እዚያ ላይ ነው።

ግስ ብቻውን ተነጥሎ ሲነበብ ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለጉ የአሜሪካኖቹን ታሪክ ይመልከቱ። የነሱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 8 ኮንግረሱ ገንዘብ እንዲቀርጽና ዋጋውን እንዲወስን ሥልጣን ይሰጣል። የተመረጠው ግስ የሳንቲም ግስ ነው፤ ብረት ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ረቂቁ ሲሠራ የወረቀት ገንዘብ ማውጣትን የሚመለከት ሐረግ ነበረበት። ተወያይተው አወጡት። ክልሎችን ደግሞ ከወርቅና ከብር ሳንቲም ሌላ ማንኛውንም ነገር ለዕዳ መክፈያ እንዳያደርጉ ጭራሽ ከለከሏቸው።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። ወርቅና ብሩ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1862 መንግሥት የወረቀት ገንዘብ አውጥቶ ሰው ለዕዳው እንዲቀበለው በሕግ አስገደደ። በጀርባው አረንጓዴ ቀለም የተነሳ «ግሪንባክ» ተባለ። ሥራውን የመሩት የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ሳልመን ቼዝ ነበሩ። በአንድ ዶላሩ ኖት ላይ የወጣውም የሳቸው ምስል ነው። ሰውየው ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1870 ክርክሩ እሳቸው ዘንድ ሲቀርብ ምን ቢወስኑ ጥሩ ነው? ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተገባን ዕዳ በዚያ ወረቀት ተቀበሉ ብሎ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። የራሳቸው ምስል ያለበትን ወረቀት ማለት ነው! በዓመቱ ሁለት አዳዲስ ዳኞች ተጨምረው ውሳኔው ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1884 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በሰላም ጊዜም ይቻላል አለ።

እኔን የሚስበኝ የተገለበጠበት መንገድ ነው። ዳኞቹ «መቅረጽ» ማለት «ማተም»ም ነው ብለው ግሱን አልለጠጡም። የመበደርን፣ የጦርነትን፣ የገንዘብን ሥልጣን አንድ ላይ አነበቡ። ከነዚህ ሁሉ ተደምሮ መንግሥት ለሥራው የሚያስፈልገውን መንገድ መምረጥ ይችላል አሉ። በኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 «ማተም» ብቻ ብሎ አያቆምም። ብሔራዊ ባንክን ማስተዳደርና የውጭ ምንዛሪንና የገንዘብ ዝውውርን መቆጣጠርም እዚያው አለ። በኔ አነባበብ ለዲጂታል ገንዘብ የሚሻለው መከራከሪያ ከነዚህ ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ነው የሚገኘው። «ማተም» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ የሚሟገት ሰው ለተቃዋሚው በሩን ከፍቶ ሰጠው ማለት ነው።

መቼም ግስ አይንቀሳቀስም ማለቴ አይደለም። «መቅረጽ»ን ይዩት። ከመሮና ከድንጋይ ተነስቶ ድምፅ መቅረጽ ላይ ደርሷል። ዛሬ «ቃለ መጠይቁን ቀረጽኩት» ስንል መሮ ትዝ የሚለው ሰው የለም። «ማተም»ም ነገ ሊሄድ ይችላል። እስካሁን ግን አልሄደም። ለዚህም ነው ዓረፍተ ነገርዎ አርታዒውን የቆረቆራቸው።

ታዲያ በምን እንተካው? ብዙ ሰው «ያወጣል» ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ «ገንዘብ አወጣ» ሦስት ነገር ነው። ከባንክ አወጣ፣ ከኪሱ ወጪ አደረገ፣ አዲስ ገንዘብ አወጣ። «ብሔራዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ አወጣ» ብለው ርዕስ ቢሰጡ ግማሹ አንባቢ ገንዘቡ ምን ላይ ጠፋ ብሎ ይጠይቃል። «ለዝውውር አወጣ» ቢሉት ይጠራል። ስለ ወረቀቱ ሲያወሩ «ያትማል»፣ ስለ ሳንቲሙ «ይቀርጻል»፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ሲሉ «ለዝውውር ያወጣል» ይበሉ።

አሁን ወደ ስሞቹ። እዚህ ላይ ዋናው ችግር ያለው «ገንዘብ» ውስጥ ይመስለኛል። ቃሉ ከመጀመሪያው መገበያያ ማለት አልነበረም። የአንድ ሰው የግል የሆነ፣ የራሱ ያደረገው ነገር ማለት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ንግግር ይህ ትርጉም ዛሬም በሕይወት አለ። «ትሕትናን ገንዘብ እናድርግ» ሲባል ትሕትናን እንሽጥ ማለት አይደለም፤ የራሳችን እናድርገው ነው። በነገረ መለኮትም «የሥጋ ገንዘብ ለቃል፣ የቃል ገንዘብ ለሥጋ ሆነ» ሲባል የሚወራው ስለ ባሕርይ ነው።

ይህን ካየን ስለ ቢትኮይን፣ ማለትም ክሪፕቶ ከሚባሉትና በምስጠራ ስሌት ከሚሠሩት መካከል በጣም ስለ ታወቀው፣ የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀላል። አንዱ «ቢትኮይን ገንዘብ ነው» ይላል፤ በአሮጌው ትርጉም እውነት አለው፤ የሰውየው ሀብት ነው። ሌላው «ገንዘብ አይደለም» ይላል፤ በአዲሱ ትርጉም እሱም እውነት አለው፤ መንግሥት ያወጣው አይደለም። ሁለቱም አንድ ቃል ይዘው ይተላለፋሉ። ለሕግ ጽሑፍ ደግሞ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ትርጉም ከሆነ ጥያቄው ወደ አንቀጽ 40፣ ወደ ንብረት መብት ይሄዳል። ያ አንቀጽ ንብረት ሲል የማይዳሰስ ነገርን ጭምር ነው። በሁለተኛው ከሆነ ወደ አንቀጽ 51 ይሄዳል። ስለዚህ በጽሑፍዎ ክሪፕቶን ሲጠቅሱ «ዲጂታል ንብረት» ወይም «ዲጂታል ሀብት» ቢሉ፣ «ገንዘብ»ን መንግሥት ለሚያወጣው ቢተዉት ራስዎን ከብዙ ጣጣ ያድናሉ። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በሰኔ ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል።

«ምናባዊ ገንዘብ» የሚለውን ግን አልወደውም። ምናብ ማለት ሐሳብ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ነው። ምናባዊ ዓለም፣ ምናባዊ ገጸ ባሕርይ እንላለን። ሰው የተጭበረበረበትን ሀብት «ምናባዊ» ብለን ክስ ብንጽፍለት ተከሳሹ «በምናብ ነው የወሰድኩት» ብሎ ሳይስቅ አይቀርም።

«ዲጂታል ብር» ላይ የሚያጉረመርሙ ሰዎች አሉ። «ብር» ማለት ማዕድኑ ስለሆነ «ዲጂታል ማዕድን» ማለት ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ የወረቀቱን «መቶ ብር» ምን ልንለው ነው? ስሙ ከማዕድኑ ወደ ጠገራው ብር፣ ከጠገራው ወደ ወረቀቱ ሲሻገር ማንም አልከለከለውም። እንግሊዝኛው እስከ እ.ኤ.አ. 1976 «የኢትዮጵያ ዶላር» ሲል እንኳን አማርኛው «ብር» ነበር የሚለው። እኔ የምጠነቀቀው ሌላ ነገር ላይ ነው። በሞባይል የሚከፈለውን ሁሉ «ዲጂታል ብር» ማለት ያሳስታል። በቴሌብር ሲከፍሉ አከፋፈሉ ነው ዲጂታል የሆነው፤ ገንዘቡ ያው ነው። እሱን «ዲጂታል ክፍያ» ይበሉት። እንደ ባሃማሱ «ሳንድ ዶላር» ወይም እንደ ናይጄሪያው «ኢናይራ» ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ ያወጣው ሲሆን «የማዕከላዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ» ይባላል። ልዩነቱ ባለ ዕዳው ማን ነው የሚለው ነው። ባንክ ሒሳብዎ ውስጥ ያለው ቁጥር ባንኩ የርስዎ ባለ ዕዳ መሆኑን ይናገራል። የማዕከላዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ ግን እንደ ኖቱ ሁሉ የማዕከላዊ ባንኩ የራሱ ግዴታ ነው።

አርታዒዎ ያላሰመሩበት ግን እኔ የማሰምርበት አንድ ቃል ቀረ፤ «ሕጋዊ መገበያያ»። መገበያየት በፈቃድ ነው። ሁለት ሰው ከተስማማ በምንም ሊገበያይ ይችላል። ሕጉ ሊል የፈለገው ሌላ ነው፤ ባለ ዕዳው ይህን ገንዘብ ሲያቀርብ አበዳሪው አልቀበልም ማለት አይችልም ነው። «ሕጋዊ መክፈያ» ብንለው ዕዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መክፈያ አደረገች፤ ነጋዴው መቀበል ግዴታው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ሕጉን አሻሽላ መቀበሉን በፈቃድ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ቢትኮይን እዚያ አገር መገበያያ መሆኑ አልቀረም። የቀረው አስገዳጅነቱ ነው። ሁለቱን ባንድ ቃል ከጠራን ይህን ለውጥ በአማርኛ መናገር አንችልም።

ስለ ጥሬ ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ ግን ጽሑፍዎ ውስጥ መምጣቱ አይቀርም። ስሎቫኪያ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ሃንጋሪ በ2025 በጥሬ ገንዘብ የመክፈል መብትን ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገብተዋል። «ጥሬ ገንዘብ» የሚለውን እንዳይቀይሩት። «ካሽ»ም በንግግር ይሄዳል፤ ሕግ ውስጥ ግን ጥሬው ይሻላል። «ተጨባጭ ገንዘብ» የሚል አዲስ ነገር ሲጻፍ አይቻለሁ፤ አያስፈልግም።

ዓረፍተ ነገርዎን እንግዲህ እንዲህ ባደርገውስ? «ብሔራዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ ለዝውውር ቢያወጣ ሕጋዊ መክፈያ የሚሆነው ሕግ ሲደነግግለት ነው።» መጨረሻውን የቀየርኩት ሆን ብዬ ነው። ገንዘብ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ አበዳሪን እንዲቀበል ማስገደድ ሌላ ነው። የርስዎ «ይሆናል» ሁለቱን ባንድ እስትንፋስ ያልፋቸው ነበር።

አጻጻፉን በተመለከተ «ዲጅታል»ም «ዲጂታል»ም ይታያል። እኔ «ዲጂታል» እላለሁ። ዋናው ግን አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው፤ በላኩልኝ ገጽ ላይ ሁለቱም አሉ።