12ቱን የእንግሊዝኛ ቴንስ (የግስ ጊዜ) ሸምድደሽ ማውራት ላቃተሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «12ቱንም ቴንስ ከነፎርሙላው ሸምድጃለሁ። ፈተና ላይ እሠራዋለሁ። ላወራ አፌን ስከፍት ግን ሁሉም ይጠፋኛል። ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። ራሴን ነው ያየሁት። እኔም ያንን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ስንት ጊዜ አፍጥጬበታለሁ።

አንድ ገጠመኝ ላስቀድም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አማርኛ የማይችል አለቃ ነበረኝ። አንድ ቀን አረፈድኩ። ደወለና የት ነህ አለኝ። ገና መንገድ ላይ ነኝ። «አይ አራይቭድ፣ አይ አራይቭድ!» አልኩት። በአማርኛ ቢሆን «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ብዬ እገላገል ነበር አይደል? ሰውዬው እውነት መስሎት በር ድረስ ወርዶ ጠበቀኝ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ላቤን እየጠረግኩ ስደርስ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። ውሸታም ነው ያለኝ በሆዱ። የሚገርመው ግን አረፍተ ነገሬ ምንም የግራመር ስህተት አልነበረበትም።

ያን ቀን ነው የገባኝ። እኛ ገና ያልሆነውን ነገር «መጣሁ»፣ «ሄድኩ በቃ»፣ «ደረስኩ» እንላለን፤ የሚሰማንም ይረዳናል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም። በመንገድ ላይ ያለ ሰው «አይ አም ኮሚንግ» ነው የሚለው። ስለዚህ ፎርሙላው ቀርቶብሽ፣ አማርኛሽ የት ላይ እንደሚያሳስትሽ ብታውቂ ይሻልሻል። በነገራችን ላይ 12 የሚለው ቁጥር አያስደንግጥሽ። ሦስቱ ጊዜያት (ያለፈ፣ የአሁን፣ የወደፊት) በአራት መልክ (ሲምፕል፣ ኮንቲኒየስ፣ ፐርፌክት፣ ፐርፌክት ኮንቲኒየስ) ተባዝተው የመጣ ነው። የቋንቋ አጥኚዎች እንዲያውም ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ያለው ሁለት ቴንስ ብቻ ነው ይላሉ፤ ለወደፊቱ ግሱ ራሱ ቅርጹን አይቀይርም፣ «ዊል» የምትባል ቃል ናት የምትደገፈው።

«እጽፋለሁ» የሚለውን ውሰጂ። «ሁልጊዜ ጠዋት እጽፋለሁ» ትያለሽ። «ነገ እጽፋለሁ»ም ትያለሽ። ግሱ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ልማድ ከሆነ «አይ ራይት»፣ የነገ ከሆነ «አይ ዊል ራይት»። «ቱሞሮው አይ ራይት» ብለሽ ከሆነ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም፣ አማርኛሽ ነው የተናገረው። አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት «ልማድ ነው ወይስ ገና የሚመጣ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መጀመሪያ ላይ ያንቀራፍፋል፤ ከዚያ ይለምዳል።

«እየጻፍኩ ነው» ቀላል ነው፣ «አይ አም ራይቲንግ»። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። «ተቀምጧል»፣ «ቆሟል»፣ «ተኝቷል» ስንል በእኛ ያለቀ ድርጊት ይመስላል። እንግሊዝኛው ግን «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው። ሌላም አለ። «ገባኝ» ያለፈ ይመስላል፣ እንግሊዝኛው ግን «አይ አንደርስታንድ» ነው። ደግሞ «እስማማለሁ» ለማለት «አይ አም አግሪ» የሚል ሰው በጣም ብዙ ነው። «አግሪ» ራሷ ግስ ናት፤ «አም»ን ምን አመጣት?

አሁን ዋናው ጭንቅ፣ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ያ «ሃቭ» ያለበት። ለእኔ ከሁሉም ይሄ ነው ያስቸገረኝ፣ ግን አማርኛ ዘመዱን ይዟል። «ደብዳቤውን ጽፌያለሁ» ስትይ መቼ እንደጻፍሽው ግድ የለሽም፤ ደብዳቤው አለ፣ አልቋል ነው ነገሩ። «አይ ሃቭ ሪትን ዘ ሌተር» ማለት ያው ነው። ዝምድናው ግን አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። በአማርኛ «ትናንት ጽፌያለሁ» ብትዪ ማንም አያርምሽም። በእንግሊዝኛ «ትናንት» ከመጣ «ሃቭ» ይወጣል፤ «አይ ሮውት ኢት የስተርዴይ» ብቻ። ያለቀ ጊዜ ከተጠራ ሲምፕል ፓስት (ተራው ያለፈ ጊዜ) ነው፣ ድርድር የለውም።

«እዚህ መኖር ከጀመርኩ 5 ዓመት ሆነኝ» የሚለውንም ልብ በይው። «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው። «ሃቭ»ን ጥለሽ «አይ ሊቭድ» ካልሽ ሰሚው ከዚያ ቦታ የወጣሽ ይመስለዋል። «ፎር» የቆይታውን ርዝመት፣ «ሲንስ» ደግሞ የተጀመረበትን ነጥብ ይፈልጋሉ። «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» አይባልም።

ስለ «ሃድ» ብዙ አትጨነቂ። «ትናንት ደውዬልሽ ነበር» ውስጥ «ነበር» ስላለ ብቻ «ሃድ ኮልድ» እንዳትይ፤ «አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» በቂ ነው። «ሃድ» የምትፈለገው ሁለት ያለፉ ነገሮች ኖረው የትኛው እንደቀደመ ማሳየት ስትፈልጊ ነው። ስደርስ እሷ ሄዳ ነበር፣ «ዌን አይ አራይቭድ፣ ሺ ሃድ ሌፍት»። (ይሄኛው «አራይቭድ» ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው!) ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒየስ የሚሉትን ደግሞ ለጊዜው እርሺው። እኔ በንግግር የተጠቀምኩበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ስህተት ግን ዛሬውኑ አቁሚ። «አልሄድኩም» ለማለት «አይ ዲድንት ዌንት» ማለትን። ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ተሸክማዋለች፣ ስለዚህ ግሱ ባዶውን ይሄዳል፤ «አይ ዲድንት ጎ»። «ደዝ»ም እንደዚያው ናት። «ሺ ኖውስ» ትያለሽ፣ ስታፈርሺው ግን «ሺ ደዝንት ኖው»፤ የግሱን «ስ» «ደዝ» ወስዳዋለች።

ግሶቹን በፊደል ተራ አትሸምድጂ። የእንግሊዝኛ ጣጣ ያልተስተካከሉት ግሶች (ላለፈ ጊዜ መጨረሻቸው ላይ ed የማይጨምሩት) ሁልጊዜ የምንጠቀምባቸው መሆናቸው ነው፤ ጎ፣ ሲ፣ ቴክ፣ ጊቭ፣ ሴይ። እነሱን አስቀድሚ፣ በሳምንት 10 ይበቃል። የተስተካከሉትም ሲነገሩ መጨረሻቸው አንድ አይደለም። «ወርክድ» በ«ት» ድምፅ ያልቃል፣ «ፕሌይድ» በ«ድ»፣ «ዎንትድ» ላይ ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ቃል ይጨመራል።

እኔን ያወጣኝ ማስታወሻ ደብተር ነው። ማታ ማታ ቀኑን በ5 አረፍተ ነገር እጽፍ ነበር፣ በሲምፕል ፓስት ብቻ። አንድ ወር እንዲሁ። ሁለተኛው ወር ላይ ከሥሩ የነገን ሁለት መስመር ጨመርኩ። በሦስተኛው «ሃቭ» ገባ። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ቤት ያሉት አብዷል እስኪሉኝ። ስጽፍ የተሳሳትኩትን ስናገርም እሳሳተዋለሁ፣ ስለዚህ ስህተቴን ቁጭ ብዬ ማየት ቻልኩ።

የዛሬ ማታዋን 5 አረፍተ ነገር ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊያት። ከአማርኛው ጋር አድርገሽው ከሆነ ደግሞ የት ላይ እንደሳትሽ ቶሎ ይታየኛል።