ሪያሊዝም ልክ ከሆነ አፍሪካ አዳራሽ ለምን ተሠራ?

ጥያቄ፦ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ነኝ። በካዛንቺስ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ በታክሲ ስወርድ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትን አፍሪካ አዳራሽን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሪያሊዝም እንደሚለው መንግሥታት የሚያስቡት ስለ ጉልበታቸው ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ድርጅት ለምን አቋቋሙ? በፈተና ላይ «ሪያሊዝም ጦርነትን፣ ሊበራሊዝም ሰላምን ይደግፋል» ብዬ ጽፌ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?
አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ንድፈ ሐሳብን ከምኞት ጋር ስላደባለቁት ነው። ሪያሊዝምም ሆነ ሊበራሊዝም መንግሥታት ለምን እንደሚጋጩና እንደሚተባበሩ ያስረዳሉ እንጂ ጦርነትን ወይም ሰላምን አይመኙም። ሪያሊስት ጦርነት ወዳድ አይደለም፤ ከሪያሊዝም አባቶች አንዱ የሆነው ሃንስ ሞርገንታው የቬትናምን ጦርነት አጥብቆ ተቃውሟል። «እውነታዊነት» የሚለው ትርጉማችንም ያሳስታል፤ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ክርክሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ከመንግሥታት በላይ ዳኛ አለመኖሩን ዛሬ ሁለቱም ወገኖች ይቀበላሉ። የሚለያዩት ከዚያ ወዲያ ነው። ሪያሊስቱ «ከስምምነቱ ማን የበለጠ ተጠቀመ?» ይላል፤ ዛሬ በልጦ ያተረፈ ነገ በትርፉ መሣሪያ ገዝቶ ሊመጣበት ይችላልና። ሊበራሉ «ከበፊቱ ተሻልኩ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ተቋም ደግሞ መረጃ እያቀረበ፣ ቃሉን ያፈረሰውን እያጋለጠ መተማመንን ያበዛል ብሎ ያምናል።

አንድ ጉዳይ ይዘው በሁለቱም ይመርምሩት። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። መስከረም 1928 ጣሊያን ስትወረን ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ቀረ፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም። ሪያሊስቱ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን በጀርመን ላይ አጋር አድርገው ማቆየት ይፈልጉ ነበር። ሊበራሉ የማኅበሩን አሠራር ያያል፦ አሜሪካ አባል አልነበረችም፣ ማኅበሩም የራሱ ጦር አልነበረውም።

ብዙ ተማሪ እዚህ ደርሶ «ሪያሊዝም አሸነፈ» ብሎ ይዘጋል፤ ይህ ችኮላ ነው። እያንዳንዱን የሚያስጨንቀውን ጥያቄም ይጻፉ። ለሊበራሉ፦ ኃያላኑ ካልፈለጉ ጠንካራውን ተቋም ማን ይሠራዋል? ለሪያሊስቱ፦ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1951 እ.ኤ.አ.፣ የመሣሪያ ሁሉ መሠረት የሆኑትን የድንጋይ ከሰልና ብረት ለጋራ ባለሥልጣን ለማስረከብ ለምን ፈረሙ? «የአሜሪካ ወታደራዊ ከለላ ስለነበራቸው» የሚል መልስ አለው፤ ግን እንደኛ እምነት በቂ አይደለም።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። አንቀጽ 3 በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ይከለክላል፤ ሪያሊስቱ «መሪዎቹ ለሥልጣናቸው አጥር ሠሩ» ቢል መሠረት አለው። ከወራት በኋላ ግን አልጄሪያና ሞሮኮ በድንበር ሲዋጉ የድርጅቱ ሚኒስትሮች እዚሁ ከተማ ተሰብስበው ጉዳዩን የሚያይ ኮሚሽን ሰየሙ። ሊበራሉ የሚይዘው ይህን ነው። ለሚቀጥለው ድርሰትዎ ይህን አንድ ጉዳይ ይውሰዱና ኮሚሽኑ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ አገሮች ምን ያደርጉ ነበር ብለው ይጀምሩ።