መልስ፦ ደላላው ያመጣውን የኪራይ ውል ልፈርም ወይ?

ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ ልትከራየው ላሰብከው ሰርቪስ ቤት ደላላው ባመጣው ውል ላይ «በፍ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» የሚለው አስፈራኝ ብለሃል። አይዞህ፣ ውል ጸሐፊ ሁሉ የሚደግመው መዝጊያ ነው። ግማሹ ራሱ ጸሐፊው ቁጥሩን ገልጦ አይቶት አያውቅም።

ፍ/ሕ/ቁ ማለት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ነው። 1731 በሕግ መሠረት የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል። ላንተ ዋናው 2005 ነው። የተጻፈ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ለያዘው ቃል ሙሉ ማስረጃ ነው። እና የቤቱ እመቤት በረንዳ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ስለ ውሃ አታስብ፣ ሮቶው ያንተም ነው» ያሉህ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ኋላ መከራከሩ ይከብድሃል። ዋሹህ ማለቴ አይደለም። ግን ነገ ቤቱን ልጃቸው ሊረከብ ይችላል። ይሉኝታ ይዞህ ዝም አትበል። «እማማ፣ ያሉኝን እዚህች ጋ በአንድ መስመር እንጨምራት» በላቸው። ቅር አይላቸውም። ቅር ካላቸውም አሁኑኑ ብታውቀው ይሻልሃል።

«ውል አፍራሽ ለውል አክባሪ ብር ... ይከፍላል» የሚለው ጋ ደግሞ ቆም በል። ያ የዚያው ሕግ ቁጥር 1889 መቀጫ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ባዶ ቦታው ሳይሞላ በፍጹም እንዳትፈርም።

የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል መባልህን በተመለከተ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት መሆንና መመዝገብ አለበት። ደላላው «እሱ እዚህ ሰፈር አይሠራም» ካለህ ሌላ ደላላ ፈልግ።