የትራፊክ ደህንነት ክበብ ከምን ልጀምር ላልሽው መምህርት

ሰላም እህቴ፣ ሸዋሮቢት ሃይስኩል አስተምራለሁ የትራፊክ ክበቡን ሰጥተውኝ ከምን እንደምጀምር ግራ ገባኝ ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ክበቡን ከያዝኩ ሶስት አመቴ ነው። የናንተም ያው እንደኛው ነው፣ የደሴው አስፋልት ከተማውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው።

1. ልጆቹን መኪና አስቁሙ ብለሽ አስፋልት ላይ እንዳታወጪ። እኔ አውጥቻለሁ። በመጀመሪያው አመት ከመምህራን ብር አዋጥተን አንፀባራቂ ሰደርያና ፊሽካ ገዛንና አራት የ11ኛ ክፍል ልጆች ጠዋት ጠዋት በር ላይ አቆምኩ፣ ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አንስቻቸው ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጉም ነበር፣ ከደብረ ሲና በኩል የመጣ ጭነት ኢሱዙ ልጁ እጁን ዘርግቶ ቆሞ እያለ ዝም ብሎ መጣ፣ ልጁ ዘሎ ቦይ ውስጥ ወደቀና ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። እናቱ መጥተው "መምህር፣ ትራፊክ ፖሊስ እያለ ልጄን ለምን ላክህብኝ?" ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። እስከ ጀሶው መፈታት ድረስ ኖቱን እኔ ነኝ የገለበጥኩለት።

2. ለዜብራ ደብዳቤ ከመፃፍሽ በፊት መንገዱ የማን እንደሆነ አጣሪ፣ ዋናው አስፋልት የፌደራል ነው የውስጥ ለውስጡ የከተማው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አራተኛው ቀን ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "አንተ ክፍልህን አስተምር" አለኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፣ እኔኮ ለቤቴ አልነበረም የሄድኩት።

3. ገመድ ግዢ። እኛን የለወጠን ይሄ ነው። ልጆቹ "ግራህን ይዘህ ሂድ" የሚለውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል ግን ከትምህርት ቤት ሲወጡ አራት ሆነው ተቃቅፈው ጀርባቸውን ለመኪና ሰጥተው በቀኝ ነው የሚሄዱት፣ ኢርፎን ያደረገም አለ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ አሰላናት፦ በሰአት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያቺ ሰከንድ አለፈች፣ ከዛ በደረቅ አስፋልት እስኪቆም ሌላ 20 ሜትር። በ30 ከሆነ ግን ሁሉም ተደምሮ 13 ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ወጥተን ሁለቱንም በገመድ ዘረጋነው። ልጆቹ 37ቱን ሜትር በእግራቸው ሲሄዱት ዝም አሉ፣ አንዷ "ቲቸር፣ ይሄ የተጫነና ቁልቁለት የሚወርድ ቢሆንስ?" አለች፣ የጣርማ በርን መንገድ አስባ ነው። ይረዝማላ አልኳት። እጁ የተሰበረው ልጅ ነው ገመዱን የያዘው፣ በማግስቱ በሰልፍ ሰአት ለመላው ተማሪ ያስረዳውም እሱ ነው፣ በጣም ኮራሁበት። አሁን ወደ ቤት ሲሄዱ በግራ በኩል፣ ከፊት የሚመጣውን እያዩ፣ ተራ በተራ የሚሄዱ ብዙ ናቸው።

ስሌቱን የፃፍንበትን ወረቀት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ፃፊልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ገመዱ ግን 40 ሜትር ይሁን፣ እኛ መጀመሪያ 30 ገዝተን አልደረሰልንም።